ስለ ድምፅ ዙሮች አነሣሥና አደራደር፤ በየካና በእንጦጦ ግርጌ እንደ ታየው

ከመገናኛ ወደ ኰተቤ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንደዚሁም ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከውጭ ሲያዩዋቸው ተራ የኪራይ ቤት የሚመስሉ አንዳንድ ክፍሎች አሉ። መስኮታቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በግድግዳቸው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ ከውስጥ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ጥንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ትንሽ ኪቦርድና ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች ይገኛሉ። (የእንቁላሉ ካርቶን ድምፅ ያፍናል መባሉ እምብዛም እውነትነት የለውም፤ ብርድ ልብሱ ይሻላል። ነገር ግን ይህን ስነግራቸው ካርቶኑን የሚያነሣ አላገኘሁም።) ሠፈሩ እነዚህን ክፍሎች ስቱዲዮ ይላቸዋል።

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ዕለት ዕለት የሚሠራውን አንድ ሥራ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ ይኸውም አጫጭር የድምፅ ቁራጮችን እየደጋገሙ ማሰማት፣ በጊዜያቸው ማስነሣትና ተራ አስይዞ ዘፈን ማድረግ ነው። ነገሩ የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ማብራሪያ የማያሻው ይመስል ይሆናል። ሆኖም ሶፍትዌሮቹ ሲከፈቱ ይዘውት የሚቀርቡት የምት አቈጣጠር ከእኛ የእስክስታ ምት ጋር በቀጥታ አይገጥምም፤ ይህን ሳያውቁ የሚሠሩ ሰዎችም ጥፋቱ የከበሮው ይመስላቸዋል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ፤ ስላለማወቄ የከፈልሁትንም ዋጋ በቦታው እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ወጣቶቹ ቁራጩን ድምፅ «ሉፕ» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ግን ዙር እያልሁ እጠራዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚዞር ድምፅ ነውና። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሠርግ ቤት አቀንቃኙ ግጥሙን እየለዋወጠ ሲያወርድ ተቀባዮቹ ያንኑ አንድ ቃል ይመልሳሉ፤ ጭብጨባውም ያው ነው፤ ከበሮውም ያው ነው። ሶፍትዌሩ የሚሠራው የተቀባዩን ሥራ ነው። ልዩነቱ ሰው የሆነ ተቀባይ መቼ መግባት እንዳለበት ከአቀንቃኙ ትንፋሽ ማወቁ ነው፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ጭንቁ መደጋገሙ ሳይሆን መግቢያው ነው።

ድምፅን እያዞሩ ማሰማት ከኮምፒዩተር ይቀድማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ራዲዮ ውስጥ የሸክላውን መስመር ወደ ፊት እንዳይሄድ ዘግቶ፣ መርፌው በአንድ ክብ ላይ ብቻ እንዲመላለስ በማድረግ ሠርቶበታል። ቴፕ ከመጣ በኋላ ደግሞ ቁራጩን ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ማዞር ተለመደ። ለእኛ ግን ከሼፈር ይልቅ የሚቀርበን ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ ነው። ይህ ሰው በ1944 በካይሮ ከተማ በሽቦ ላይ ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ፤ የቀዳውንም በራዲዮ ጣቢያ ክፍል ውስጥ በማሚቶና በሌላም ዘዴ ለውጦ አዲስ ድርሰት አደረገው። ጊዜውን ላስተዋለ፣ ከሼፈር 4 ዓመት ይቀድማል። በ1959 በኒውዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ ሠራ፤ ከ1962 እስከ 1964 ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው፣ ማለት በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን አሠራር ጠንቅቀው ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ በእንጦጦ ግርጌ ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ ዘንድ የሚታወስበት ሥራ የክራርና የማሲንቆ ማኅበር መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1983 ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው ኪቦርዶችና የምት ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ስምምነት ወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቤልጂየም «ፍሩቲ ሉፕስ»፣ ኋላ «ኤፍ ኤል ስቱዲዮ» የተባለው ሶፍትዌር ተሠራ። በ2001 ደግሞ በበርሊን ኤብልተን የተባለው ድርጅት «ላይቭ» የተሰኘውን አወጣ፤ ይህኛው ዙሮችን በመድረክ ላይ እያስነሡ ለመጫወት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በአገራችን እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ያወጧቸው ሥራዎች፣ ሮፍናን ኑሪም በ2010 ዓ.ም. ያወጣው «ነጸብራቅ» የተሰኘው አልበም፣ በየክፍሉ ላሉት ወጣቶች መንገድ ያሳዩ ናቸው። እነዚህን ስሞች ያልጠራልኝ ስቱዲዮ የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ላይቭ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ዘፈኑ ከግራ ወደ ቀኝ በጊዜ ተራ የሚዘረጋበት ነው። ሁለተኛው እንደ ገበጣ ጒድጓድ በትንንሽ ሣጥኖች የተከፈለ ሠንጠረዥ ሲሆን በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ዙር ይቀመጣል። (ሶፍትዌሩ ሣጥኑን «ክሊፕ» ይለዋል፤ እኛ ዘንድ ክሊፕ ሲባል የዘፈን ምስል ስለ ሆነ አንድ ወዳጄ ብዙ ቀን ሲፈልግ ከርሟል።) ቁልቁል የወረደው ዓምድ አንድ መሣሪያ ነው፤ ከበሮው አንድ ዓምድ፣ ክራሩ አንድ ዓምድ፣ ድምፃዊው አንድ ዓምድ ይይዛሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሌላውን ሲያስነሡት የቀደመው ራሱ ዝም ይላል። አግድም የተዘረጋው ረድፍ ደግሞ በአንድነት የሚሰሙ ዙሮች ስብስብ ነው፤ ረድፉን በአንድ ንክኪ ማስነሣት ይቻላል።

ማስነሻው የኮምፒዩተሩ ማውስ ወይም ጣት የሚያርፍባቸው ጐማ ካሬዎች ያሉት ትንሽ ሰሌዳ ነው። አነሣሡም ከአንድ በላይ ነው። አንድ ጊዜ ነክተው ቢተዉት እስኪያቆሙት ድረስ የሚዞር አለ፤ ጣትዎ እስካለበት ብቻ የሚሰማ፣ ሲያነሡት ዝም የሚል አለ፤ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሥቶ በሁለተኛው የሚተኛም አለ። ለእልልታና ለጭብጨባ ሁለተኛው ይስማማል፤ ለከበሮ የመጀመሪያው ይሻላል።

ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው። ካሬውን ሲነኩ ድምፁ ወዲያው አይነሣም። ሶፍትዌሩ ትእዛዙን ተቀብሎ ቀጣዩ ድንበር እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ድንበሩም ሌላ ካልተወሰነ በቀር የአንድ ባር መጀመሪያ ነው። ባር ማለት በሙዚቃ ትምህርት የምቶች እኩል ክፍል ማለት ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት፣ ባሩም ባለ 4 ምት ቢሆን አንድ ባር 2 ሴኮንድ ይፈጃል። ስለዚህ ጥቂት ቀድሞ የነካ ሰው በልኩ ይነሣለታል፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል የዘገየ ግን ሙሉ 2 ሴኮንድ ይቀጣል። ይህ ጥበቃ ለጀማሪ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እጁ ቢስት እንኳ ዙሩ አይስትም። ታዲያ ጸጋ የሚሆነው ድንበሩ በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ኰተቤ ላይ በአንድ ጓደኛዬ እኅት ሠርግ ሙዚቃውን እንድይዝ ተጠየቅሁ። አስቀድሜ የሠፈር ሴቶች ሲመቱት የቀዳሁትን ከበሮ ዙር አድርጌ፣ ክራርና ዝቅ ያለ የባስ ድምፅ ጨምሬ፣ በቤቴ ሞከርሁት፤ አማረልኝ። በሠርጉ ዕለት ከበሮውን ብቻ አስነሣሁ፤ ሰው ወጣ፤ ትከሻ ተነቀነቀ። ቀጥዬ ክራሩን ነካሁ። ክራሩ ገባ፤ ነገር ግን እግሩ እንደ ተሰበረ ሰው ነበር። ባሱን ብጨምር ባሰበት። እስክስታ የያዙት እርስ በርስ ተያዩ፤ ትከሻቸውንም አወረዱ። የሙሽራዪቱ አክስት ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አሉኝ። መብራቱ አልሄደም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው የጨፈረው በእጅ ከበሮ ነው።

ጥፋቱን ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ በወረቀትና በእርሳስ ነው። የችክችካ ምት በአንድ ዙሩ 6 ትንንሽ ምቶች አሉት፤ እነዚህም 3 በ3 ሆነው በሁለት ይከፈላሉ፤ ትከሻ የሚወርደው በሁለቱ ላይ ነው። በኖታ 6/8 ተብሎ ይጻፋል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ግን 4/4 ነው። የቀዳሁትን ከበሮ ባስገባሁለት ጊዜ 6ቱን ትንንሽ ምቶች 2 በ2 አጣምሮ 3 ምት አድርጎ ቈጠራቸው። እንግዲህ የከበሮዬ ዙር ርዝመቱ 3 ምት ነው፤ ባሩ 4 ምት ነው። የዙሩ ራስ በ0፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ላይ ይወድቃል፤ የመነሻው ድንበር ደግሞ በ0፣ በ4፣ በ8 እና በ12 ላይ ይቆማል። ሁለቱ የሚገናኙት ከበሮው 4 ጊዜ፣ ባሩም 3 ጊዜ ከዞሩ በኋላ በ12ኛው ላይ ብቻ ነው። ክራሩን ያስነሣሁት በ4 ላይ ከሆነ፣ ከበሮው በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዙሩን ጀምሮ ከ6ቱ ትንንሽ ምቶች 2ቱን አልፏል፤ በ8 ላይ ከሆነም 4ቱን አልፏል። ከሦስት ድንበሮች ሁለቱ ስሕተት ናቸው ማለት ነው። በቤቴ ያልታወቀኝ ሙሉውን ረድፍ በአንድ ጊዜ ስላስነሣሁት ነው፤ ሁሉም ከ0 አብረው ስለ ተነሡ ሳይለያዩ ዞሩ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሶፍትዌሩን 6/8 ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ላይቭ ፍጥነትን የሚቈጥረው በሩብ ኖታ ስለ ሆነ፣ ትከሻ በደቂቃ 120 ጊዜ እንዲወርድ የሚፈልግ ሰው 180 ብሎ መጻፍ አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው 120 ይጽፍና ሠርጉ ለቅሶ ይመስልበታል። ሁለተኛው 4/4ን እንዳለ ትቶ፣ አንዱን ምት እንደ አንድ የትከሻ መውረጃ መቊጠርና እያንዳንዱን ምት ለ3 መክፈል ነው። ያን ጊዜ አንድ ባር 12 ትንንሽ ምት፣ ማለት ሁለት የችክችካ ዙር ይይዛል፤ ፍጥነቱም 120 እንደ ሆነ ይቀራል፤ ድንበሩም ሁልጊዜ በዙር ራስ ላይ ይወድቃል። እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ከውጭ የሚመጡትን የዳንስ ምቶች ከችክችካ ጋር ለማጋባት የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው፤ ትልቁ ምት የጋራ ሆኖ ውስጡ ብቻ ይለያያልና። በኤፍ ኤል ስቱዲዮም ጉዳዩ ያው ነው፤ ሲከፈት የሚታየው የምት መደዳ 16 ካሬ አለው፤ 16 ለ3 አይካፈልም። 12 ማድረግ ነው።

ስለ መገጣጠሚያው ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። የዙሩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ድምፁ በድንገት ከተቈረጠ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል። ለዚህ መድኃኒቱ ሞገዱ ዜሮ ላይ በሚያልፍበት ቦታ መቊረጥ፣ ወይም ለጥቂት ሺኛ ሴኮንድ ድምፁን እያሳነሱ ማገጣጠም ነው። በክራር ግን ቀጭታው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ጅማቱ ከተመታ በኋላ የሚቈየው ርግብግብታ በድንበሩ ላይ ይሞታል። ስለዚህ የክራሩን አንድ ዙር ሲቀዱ ሁለት ጊዜ ማስደርደርና ሁለተኛውን መውሰድ ይበጃል፤ በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ የአንደኛው ርግብግብታ አብሮ አለና። ቅኝትም ሌላ ጣጣ አለው፤ በሰው ጆሮ የተቃኘ ክራር ኪቦርዱ እኩል አድርጎ ከከፈላቸው 12 ድምፆች ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ በተለይ በአንቺሆዬ ይጎላል። በዚህ ጊዜ ኪቦርዱን ወደ ክራሩ ማምጣት እንጂ ክራሩን ወደ ኪቦርዱ መጐተት አልወድም።

ክራሩን የደረደሩልኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። ሠርቼ ስጨርስ 8 ሴኮንድ የሚሆነውን ዙር አሰማኋቸው። ቡናቸውን እየጠጡ ጥቂት አደመጡና፣

«ይህ እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«አዎን፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው እጄን አሰርኸው?»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ክራራቸውን አንሥተው ያንኑ ዜማ ደጋግመው ተጫወቱልኝ፤ እኔም ቀዳሁት። በኋላ ቁጭ ብዬ ብመረምረው ሁለት ዙር አንድ ዓይነት የለም። አንዱን ጅማት አንድ ጊዜ ጠንከር፣ አንድ ጊዜ ላላ ያደርጉታል፤ በየአራተኛው ገደማ አንድ ድምፅ ይጨምራሉ ወይም ይዘላሉ። ሰሚው ግን አንድ ነገር የተደጋገመ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ዙር ብቻ አልወስድም፤ 4 ወይም 5 እወስዳለሁ። ላይቭ አንዱ ዙር ሲያልቅ ቀጥሎ የትኛው እንደሚነሣ አስቀድሞ ለመወሰን ያስችላል፤ ቀጣዩን፣ የቀደመውን፣ ወይም እንደ ዕጣ ያገኘውን እንዲያነሣ ማዘዝ ይቻላል። ዕጣውን ሞክሬዋለሁ፤ ከመታሰር ይሻላል፤ ጋሼ እንደሚያደርጉት ግን አይሆንም። እርሳቸው የሚጨምሩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ዘፋኙ ቃሉን ሲጨርስ ነው።

ዙሮቹ ከተነሡ በኋላ አደራደራቸው ይቀራል፤ ብዙ ወጣት የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ያየሁት ልማድ ሁሉንም ዙር በአንድነት አስነሥቶ 5 ደቂቃ ሙሉ መተው ነው። ዙር ከሆነ በኋላ ምን ይለወጣል ይላሉ። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከሶፍትዌሩ መመሪያ ሳይሆን ከማኅሌት ነው። በቤተ ክርስቲያን ዜማ አንዱ ቃል በልዩ ልዩ ሥርዓት እየተመላለሰ ይባላል። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ማለት ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ፤ ከዚያ በዝማሜ፣ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፤ ቀጥሎ በመረግድ፣ ጸናጽሉና ከበሮው ገብቶ በዝግታ፤ በመጨረሻም በጸፋት፣ ጭብጨባው ታክሎ ፍጥነቱ ጨምሮ። ቃሉ አልተለወጠም፤ የለበሰው ግን ተለወጠ። ፍጥነቱ እንኳ አብሮ ይነሣል። ይህን ወደ ሠንጠረዡ ስናመጣው የመጀመሪያው ረድፍ ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛው አንድ ቀላል ምት ይጨምራል፤ ሦስተኛው ከበሮውን ያስገባል፤ አራተኛው ጭብጨባውን። ላይቭ ለእያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ፍጥነትና የምት አቈጣጠር ለመስጠት ስለሚፈቅድ፣ መረግዱን በዝግታ፣ ጸፋቱን በፍጥነት ማስኬድም ይቻላል። በዚህ ሥርዓት ያቀናበርሁት አንድ ሥራ 4 ዙሮች ብቻ አሉት፤ 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰልችቶት የወጣ ሰው ገና አላየሁም። (እውነቱን ለመናገር የሰሙት 9 ሰዎች ናቸው።)

ይህን ስጽፍ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሥርዓቱን ከማኅሌት ከወሰድህ ድምፁንስ ለምን አትወስድም? በእርግጥ ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ መንገዱ ሁሉ ከበሮ ነው፤ ስልክ አውጥቶ መቅዳት የሚከለክል የለም፤ እኔም ቀድቻለሁ። ነገር ግን ከቀዳሁት 2 ሴኮንድ ቈርጬ ለዳንስ ከማዞሬ በፊት አንድ መሪጌታ ጠየቅሁ። አልተቈጡም። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ጠፍሩም የግርፋቱ ምሳሌ መሆኑን ነገሩኝና፣ «እንግዲህ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የምትቈርጠው?» አሉኝ። ተውሁት። ሌላው ሰው ሌላ ሊወስን ይችል ይሆናል፤ የእኔ ግምት ግን የአደራደር ሥርዓት መማር አንድ ነገር ነው፣ የጸሎቱን ድምፅ ራሱን ነጥሎ ማዞር ሌላ ነገር ነው። ከበሮ ከፈለግሁ የሠርግ ከበሮ ሞልቷል። ከድሮ ሸክላ ቈርጠው የሚወስዱም ቢሆኑ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ቢያነቡት ይበጃቸዋል፤ ቁራጩ 4 ሴኮንድ ብቻ መሆኑ ድምፁን ባለቤት አልባ አያደርገውም።

በሠርጉ ያዋረደኝ የቊጥር አለመግጠም በሌላ ቦታ ጠቅሞኛል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከየካ በላይ ወዳለው ጫካ ወጥቼ በባሕር ዛፉ ውስጥ የሚነፍሰውን ነፋስና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን እርምጃ ቀዳሁ። ነፋሱን የ4 ሴኮንድ ዙር ባደርገው የታመመ ሰው ትንፋሽ መሰለ፤ ጆሮ ድግግሞሹን ወዲያው ያዘው። ርዝመቱን 47 ሴኮንድ፣ እርምጃውን 31 ሴኮንድ አድርጌ ያለ ድንበር ለቀቅኋቸው። 47 እና 31 አብረው ወደ መጀመሪያቸው የሚመለሱት ከ1457 ሴኮንድ፣ ማለት ከ24 ደቂቃ በላይ ቈይተው ስለ ሆነ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነው አይሰሙም። እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ በ1978 ባወጣው የአየር ጣቢያ ሙዚቃ ርዝመታቸው የማይገጥም የቴፕ ዙሮችን የተጠቀመው ለዚሁ ነው። ምት ላለው ድምፅ ድንበር ያስፈልገዋል፤ ለነፋስ አያስፈልገውም።

ገና ያልተቃናልኝ ከሕያው ከበሮ መቺ ጋር አብሮ መሄድ ነው። በሠርግ ላይ ከበሮ የምትመታ ሴት በ112 ጀምራ ሰው እየሞቀ ሲሄድ 126 ልትደርስ ትችላለች፤ ሶፍትዌሩ ግን በተሰጠው ቊጥር ይጸናል። በጣት ምቱን እየነኩ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ከወጣው ላይቭ 11 ጀምሮም በማይክሮፎን የሚሰማውን ምት ራሱ እንዲከተል የሚያደርግ ዘዴ አለ። ከፋሲካ በኋላ ላምበረት አካባቢ በሌላ ሠርግ ሁለቱንም ሞከርኋቸው። ማይክሮፎኑ እልልታውን ከከበሮው መለየት አልቻለምና አጠፋሁት። በጣቴ ግን እስከ 120 ድረስ ተከተልኋት፤ ክራሩም ባሱም በልካቸው ገቡ፤ ሰዉም ጨፈረ። ከዚያ በላይ ስትሄድ አልደረስሁባትም። ክራሩን ዝም አሰኝቼ ባሱን ብቻ ዝቅ አድርጌ ተውሁት፤ የቀረውን እርሷ ጨረሰችው።